ክርና ብሎን

ሸማ ተራ ውስጥ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ስሰፋ ነው ያረጀሁት። መቀስ አጠገቤ እያለ ክሩን የምበጥሰው በፊት ጥርሴ ነበር፤ እጅ ሥራ ይዟል፣ አፍ ደግሞ ቅርብ ነው። ጥርሱም አንድ ቀን ታከተውና ወለቀ።

መጀመሪያ ያስገባሁት የሚወልቀውን ሰው ሠራሽ ጥርስ ነበር። እሱም አንዲት ደንበኛ ፊት ክር ስበጥስ፣ ክሩን ተከትሎ ወጣና አዲሱ ነጠላዋ ላይ ቁጭ አለ። ከጎኔ የሚሰፋው ጎረቤቴ አላለፈኝም።

«ጋሼ፣ ጥርስም በምርቃት መስጠት ጀመሩ?»

ተራው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ አፌን በእጄ ይዤ።

የጥርስ ሐኪሟ የልጅ ልጄን የምታህል ናት። «አባባ፣ ግራና ቀኙን ጥርስ ሞርደን ድልድይ እንሥራልዎት፤ ወይ አጥንትዎ ውስጥ ትንሽ ብሎን እንትከልና በኋላ ጥርስ እንሰርበት» አለችኝ።

«ብሎን? እንደ መኪና?»

«እንደ መኪና። የሚያጠብቀው ግን የራስዎ አጥንት ነው፤ እሱ ደግሞ አይቸኩልም።»

ደህና ጥርስ ማስሞረድ አልወደድኩም። ፋሲካ እንዳለፈ ብሎኑ ተተከለ፤ እስከ መስቀል ይጠብቁ ተባልኩ። ላዩ ላይ ጊዜያዊ ጥርስ አደረገችልኝ። «ይቺ ለመልክ ብቻ ናት። ክር ነክሰው ብሎኑ ከተነቃነቀ አጥንቱ አይይዘውም። አጥንትዎ ሳስቷል፤ ሁለተኛ መትከል ላይሆንልን ይችላል።»

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት የለም። ምላሴ ቀኑን ሙሉ ወደዚያው፤ ትነካለች፣ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትሄዳለች። ያዘ ይሆን? ሚስቴ ሰለቻት። «አንተ ሰውዬ፣ ዘር ቀብሮ በየሰዓቱ ቆፍሮ የሚያይ ገበሬ አለ?» ብላ መቀሱን በገመድ አንገቴ ላይ አሰረችልኝ።

ጳጉሜ ገባ። ለእንቁጣጣሽ ተራው መርገጫ አጣ። «ጋሼ፣ የኔን ብቻ! ለነገ ነው!» ይላል ደንበኛው ሁሉ። መቀሱ ደረቴ ላይ እየተወዛወዘ፣ ክሩን ነከስኩት።

ቀጭ አለ። ክሩ ግን አልተበጠሰም።

ቀሚሱን ጥዬ ወደ ሐኪሟ ወጣሁ። መንገዱ ለከተማው ባቡር ሐዲድ ተቆፋፍሮ ታክሲ የለም፤ በእግሬ፣ ከተሸካሚ ጋር እየተጋጨሁ። ወረፋው ላይ መቀመጥም መቆምም አቃተኝ። ሐኪሟ ጊዜያዊዋን ጥርስ ፈታች፣ ብሎኑን ነካ ነካ አደረገች፣ ራጅ አነሳች፣ ራጁን አገላብጣ አየችው።

«ልጄ፣ ተናገሪ እንጂ!»

«ብሎኑ አልተነቃነቀም። የተሰነጠቀችው ለመልክ ያልኩዎት ናት። ሌላ ግን አላደርግልዎትም፤ ሲያገኙ ይነክሱባታል።»

እንቁጣጣሽን በክፍት አፍ ዋልኩ። ጎረቤቴ «ጋሼ፣ በሩን ከፍተው አደሩ?» ሲለኝ፣ «ዘበኛው ውስጥ አለ» አልኩት።

መስቀል አለፈ፤ አጥንቱም ብሎኑን ያዘ፤ ጥርሴ ታሰረልኝ። ክር እንዳልነክስ አሁንም አደራ አለብኝ። እጄ ግን ክሩን እስከ ከንፈሬ ያመጣዋል። ምላሴ ቀድማ ጥርሱን ትነካዋለች፤ ያኔ ወደ መቀሱ እመለሳለሁ።