መሬቱ ሳይዘጋ

የሻሽወርቅ ቁጡ ሴት አልነበረችም። ገርጂ ገና የገበሬ መንደር ሳለች ተወልዳ፣ እዚያው ተድራ፣ አራት ወልዳ ሁለቱን ቀብራ፣ ቅቤዋን ሾላ ገበያ እየሸጠች ሠላሳ አምስት ዓመት ስትኖር፣ ጎረቤት ድምጿን ከፍ ብሎ የሰማው በሠርግ እልልታ ብቻ ነው። በ1976 ዓ.ም. ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ግን ተቆጣች። ያ ቁጣ አምስት ቀን ሙሉ አረሰ።

ምን ዓይነት ሰማይ ነበር የዚያ ዓመት ሰማይ! በልጉ ቀረ። ክረምቱ ሰኔ ላይ ሁለት ቀን ዘነበና ጠፋ። ሐምሌ፣ ገበሬ ጭቃ የሚረግጥበት ወር፣ አቧራ አስነሣ። ጤፉ ከስንዝር ሳያልፍ እንደ ሽማግሌ ፀጉር ነጣ። ከዚያ በነሐሴ መጨረሻ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ዝናብ ወረደ፤ አንድ ዝናብ ብቻ።

የገርጂ መሬት መረሬ ነው፤ ጥቁር አፈር። አንዴ ከጠጣ ውኃውን ጉያው ውስጥ ይዞ ይቆያል። ሽምብራ ደግሞ ሌላ ጠብታ ሳይጠይቅ በዚያች እርጥበት ያፈራል። ነገር ግን መረሬ ሲደርቅ ይዘጋል፤ ድንጋይ ይሆናል። አራት ቀን፣ ቢበዛ አምስት። በዚያ ውስጥ ዘሩ አፈር ካልገባ ዓመቱ አለቀ። በየሻሽወርቅ ጓዳ የቀረው አንድ ስልቻ የሽምብራ ዘር ነበር፤ ልጆቿ በረሃብ ሲያለቅሱ እንኳ እጇን ያልሰደደችበት።

በማግስቱ ባሏ ገመዳ በሬዎቹን ሊጠምድ ሲል የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር በዳሳ መጣ።

"ወንድ የተባለ ሁሉ ለሰልፍ ልምምድ ከተማ ይገባል። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ነው። አምስት ቀን።"

"ጓድ በዳሳ፣ አምስት ቀን እኮ መሬቱ ይዘጋል።"

"የቀረ ሰው ስሙ ለበላይ አካል ይተላለፋል።"

ገመዳ ቀንበሩን አስቀመጠ። ሠላሳ ስምንት ወንዶች ጭነት መኪና ላይ ተሳፈሩ። ገና ሳይነሡ በቀይ ቀለም የተጻፈ ጨርቅ አስያዟቸው፦ "ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን!" ተፈጥሮን! ሆዳቸው ከጀርባቸው የተጣበቀ፣ ደመና እንኳ የናቃቸው ሰዎች!

የሻሽወርቅ ወደ ማሳው ወርዳ አፈሩን ጨበጠች። ይጨበጣል፤ ገና አልደረቀም። ተነሥታ በሬዎቹን ጠመደች።

በዚያ አገር ሴት እርፍ አትይዝም። ለሰልፍ ያረጁት ጎረቤቷ አያ ካሳዬ ከአጥራቸው ጮኹ።

"አንቺ! ሴት እርፍ ከያዘች ዝናብ ይሸሻል!"

"አያ ካሳዬ፣ ከዚህ ወዲያ የት ይሸሻል? ካወቁ ይንገሩኝና ሄጄ ልጎትተው!"

ሽማግሌው አጥሩን ተደግፈው ማየት ያዙ። በሬዎቹ ግን ቆሙ፤ የሴት ድምፅ አያውቁም። ለመነቻቸው፤ አልተነቃነቁም። ያኔ ከየት እንደመጣ ለራሷም ያልገባት ድምፅ ወጣ። በዳሳን ሰደበች፣ ሰልፉን ሰደበች፣ ሰማዩን ሰደበች። በሬዎቹ ተንቀሳቀሱ! ስድቡ ሲያባራ ይቆማሉ፤ ስትሳደብ ይጎትታሉ።

"እርፉን ጫን አድርጊው! ማረሻው እየዘለለ ነው!" አሉ አያ ካሳዬ፤ የዝናቡን ነገር ረስተውታል።

ዘሩን እየበተነች፣ እየተመለሰች እያረሰች፣ መዳፏ ተላጠ። በሦስተኛው ቀን በዳሳ ሴቶቹን ሊሰበስብ ተመልሶ መጣ።

"በበዓሉ ሰሞን ቦሌ መንገድ ዳር ቆማችሁ እንግዳ ትቀበላላችሁ፤ ልምምዱ ነገ ነው። ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? እርፍ ያዢ ያለሽ ማነው?"

"ዝናቡንስ አትምጣ ያለው ማነው?"

"አገር እንዴት እንዳማረ ብታዪ! መንገዱ ዳር የተተከለው ሣር ብቻ..."

"አይቼዋለሁ! በቦቴ ውኃ ሲያጠጡት ቆሜ አይቻለሁ። ጥጃዬ በጥም ስትሞት ሣር በቦቴ ይጠጣል! በል እሱን አጭደህ ለእንግዶችህ አቅርብ። የኔ ልጆች ሣር አይበሉም።"

"ስምሽን እጽፋለሁ።"

"ጻፍ፣ ጓድ ሊቀ መንበር! አንተ ጻፍ፣ እኔ ልረስ፤ የማንኛችን እንደሚበቅል እናያለን።"

ጻፈ። ስማቸው ተጽፎ ያልተመለሱ ሰዎች ታውቃለች። አፈሩ ግን እየነጣ ነበር። በሬዎቹን ነዳች።

ወንዶቹ ሲመለሱ ሦስት ትልም ብቻ ቀርቷት ነበር።

"ገመዳ፣ ሚስትህ ጢም አበቀለች!" ብለው ሳቁ።

ገመዳ ፊቱ ቀላ። "ስጪኝ፤ ሰው ያያል።"

"ይይ። በሬዎቹ የኔን አፍ ለምደዋል። አንተ ስልቻውን ያዝና በትን።"

አንገቱን ደፍቶ በተነ። ሳቂዎቹም ወደየማሳቸው ሮጡ። ብዙም ሳይቆይ ከየአቅጣጫው የብረት ጩኸት ተሰማ፤ ማረሻ መረሬ ላይ እየነጠረ። መሬቱ ተዘግቷል።

የሻሽወርቅን ከበዓሉ በኋላ ወስደው ሁለት ሳምንት አሰሯት። ስትፈታ ቤት ሳትገባ ማሳው ላይ ቆመች። ሽምብራው በቅሏል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ትልሞች ግን ባዶ ናቸው፤ እዚያ ዘሩ የገባው አፈሩ ከደረቀ በኋላ ነው። ቀና ብላ ዙሪያውን አየች። የሠላሳ ሰባት ሰው መሬት ተሰነጣጥቆ ራቁቱን ተኝቷል። የራሷ በመብቃሉ ደስ ሊላት ፈለገች፤ አልቻለችም።

"አምስት ቀን!" ብላ ጮኸች። "አገር የሚያበላ አምስት ቀን! ለጭብጨባ!"

"ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል፤" አለ ገመዳ።

"ይስሙ እንጂ! ያልሰሙትማ ምን ቀረ?"