የሦስተኛው ዙር ዳማ

ሞላሌ ካለው ሱቄ ጎን የኳስ ውርርድ የሚቆረጥበት ቤቲንግ ቤት ተከፍቷል። ልጆቹ ቲኬት ይዘው ይመጡና «ጋሼ፣ ይሄ ያሸንፋል?» ይሉኛል። ከጨዋታዎቹ አንዱን ከሳቱ ሁሉም ገደል ገባ ማለት ነው። ይህን በሽታ እኔ ከእነሱ በፊት፣ ኢሕአዴግ በገባ ሰሞን፣ በፈረስ ታምሜዋለሁ።

በጥምቀት ሦስት ዙር ፈረስ ይጋለብ ነበር። የሦስቱንም ዙር አሸናፊ አስቀድሞ የጠራ ሙክት ይወስዳል፤ አንዱን የሳተ የራሱን ያስረክባል። እኔ ያስያዝኩት ነግጄ ያገኘሁትን የመጀመሪያ ሙክቴን ነበር።

ፈረስ መለየት ያስተማሩኝ ኮርቻ ሰፊው አባ ደምሴ ናቸው። «ውሃ ሲጠጣ እየው፤ የሚያመውን እግር ያሳርፋል» ይሉኝ ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ወንዝ ዳር የራሳቸው ዳማ ፈረስ የፊት ቀኝ እግሩን አንጠልጥሎ ሲጠጣ አየሁት።

ግምት የሚጠራው ባለፈረሶቹ ፊት ነው። የሁለቱን ዙር ጠራሁ። ዳማው የሚሮጥበት ሦስተኛው ላይ ስደርስ አባ ደምሴ ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«እሺ፣ ማን ይቀድማል?»

«የእርስዎ ዳማ ነዋ!»

ሁለቱ ዙር ቀናኝ። ዳማው ግን ግማሽ መንገድ ላይ ተንበረከከ፤ ከዚያ ወዲያ ኮርቻ አልተጫነበትም። ሙክቴን ሲጎትቱት ዞር ብሎም አላየኝ። አባ ደምሴ ላብና እርጥብ ቆዳ እየሸተቱ አጠገቤ ቆሙ።

«አይተኸው ነበር አይደል?»

«አይቼው ነበር፣ አባ።»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር። አንተ ሌላ ፈረስ ብትጠራ አላስወጣውም ነበር እኮ።»

ትናንት አንዱ ጎረምሳ የሚወደውን ቡድን ማልያ ለብሶ፣ በዚያው ቡድን የቆረጠውን ቲኬት ይዞ መጣ። ቡድኑ ሰሞኑን አቅም የለውም።

«ጋሼ፣ ይሄስ?» አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።

«ያሸንፋል» አልኩት።