ቅቤ የማይነካው አነባበሮ

ልጅ እያለሁ፣ ጣሊያን አገሩን በያዘበት ዘመን፣ ኮልፌ ላይ የኑግ ዘይትና የበርበሬ ሽታ ጎሕ ሳይቀድ ከሸተተ እናቴ ተነሥታለች ማለት ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ ወርቄ፣ እናቴ፣ እኔንና እህቴን የምታሳድገው ለመንገድ ሠራተኞች አነባበሮ እየሸጠች ነው። አንዱን ጋግራ ሊጥ በላዩ ደግማ ታፈስስና ትገለብጠዋለች፤ ከዚያ በዘይት የታሸ በርበሬ ታጠጣዋለች። የበላ ሁሉ ጣቱን ይልስ ነበር፤ እናቴ ስለሆነች ብዬ አላጋነንኩም።

መንገዱ እየረዘመ ሲሄድ ሠራተኛው ራቀባት። ቅርጫት ተሸክማ የት ድረስ ትከተል? ለሦስት ጎረቤቶቿ እርሾዋን ቀድታ፣ በርበሬዋንም አካፍላ፣ እንደ እኔ ጋግሩ፣ በስሜ ሽጡ አለቻቸው። ብዙም ሳይቆይ ከኮልፌ እስከ ቀራንዮ ሰው የሚጠይቀው "የወርቄ አነባበሮ" ሆነ። ዛሬ ቅርንጫፍ የሚሉት ይኸው ነው፤ የጎደለን ታፔላ ብቻ ነበር።

ከሦስቱ አንዷ እትዬ ዘይነባ ነበሩ፤ እጃቸው የማይሰስት ሴት። አንድ ቀን ሠራተኞቹ ዝናብ መቷቸው ሲንቀጠቀጡ አይተው አዘኑላቸው። ከቤታቸው ቅቤ አምጥተው አነባበሮውን አርሰው አበሏቸው። ለካስ ቀኑ ረቡዕ ነው! ጾመኞቹ ከዋጡ በኋላ ነው የባነኑት። "ወርቄ ጾማችንን አስገደፈችን" የሚለው ወሬ ከእኛ ቀድሞ ቤት ገባ። በማግሥቱ የአራቱም ሴቶች ቅርጫት እንደሞላ ተመለሰ፤ እኛም ራታችን ያው የተመለሰው አነባበሮ ሆነ። ሌሎቹ ሁለቱ እርሾውን ከዘይነባ ቀሚልን ብለው እናቴን ያዟት።

እትዬ ዘይነባ ራሳቸው ማሰሮውን ታቅፈው እያለቀሱ መጡ።

"ወርቅዬ፣ ስምሽን አፈር አስበላሁት። እንኪ እርሾሽን።"

"ወዲያ መልሺው! አዝነሽ አበላሽ እንጂ ሰረቅሽ?" አለች እናቴ።

እሑድ እጄን ይዛ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ወሰደችኝ። ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ በሩ አጠገብ ቆመች። ድምጿንም ከፍ አድርጋ ተናገረች።

"ስሙ የእኔ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ከእንግዲህ በስሜ የሚሸጥ አነባበሮ፣ ጾምም ይሁን ፍስክ፣ ቅቤ አይነካውም።"

የዘይነባን ስም አላነሣችም። አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ፣ "እንግዲያማ ነገ ይዘሽልን ነይ፤ ራበን እኮ!" አለና ሁሉም ሳቀ። እኔ በኩራት ከእናቴ በላይ የረዘምኩ መሰለኝ። ሰኞ ቅርጫቶቹ ባዶ ሆነው ተመለሱ፤ እትዬ ዘይነባም ከሁሉ ቀድመው።

ዛሬ የልጅ ልጄ ዓለም ባንክ ሠፈር አነባበሮ ቤት አላት። ምጣዱ የኤሌክትሪክ ነው፤ እርሾው ፍሪጅ ውስጥ ያድራል፤ የእናቴ ስም በር ላይ በመብራት ተጽፏል። በቀደም አንድ ባለሀብት በዚሁ ስም ሌላ ሠፈር ልክፈት ብሎ መጣ። ቅቤ ቢጨመርበት ገበያው ይደራል አላት። እኔ ጥግ ተቀምጬ ጆሮዬን ቀሰርኩ።

"ስሙን ከፈለጉ ከነዘይቱ ነው የሚወስዱት" አለችው፣ ከምጣዱ ቀና ሳትል።

እናቴን አይታት አታውቅም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል እሰማ ነበር፤ ሲውል ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው። ዕንባዬን በነጠላዬ ጠርጌ አንድ አነባበሮ ጨምሪልኝ አልኳት። ቀኑ ረቡዕ ነበር።