ለግቢዬ ጋራዥ ኮምፕሬሰር ስመርጥ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ካቦ መንገሻ የቀለም ክፍሉን በር ከፍተው ከግድግዳው ወደወጣች ቧንቧ ጠቆሙኝ። «አየሩ ከዚህ ይመጣል። ጎማውን ትሰካለህ፣ መርጫውን ትይዛለህ፣ ትቀባለህ። ሌላው አያገባህም» አሉኝ። ካቦ የምንለው የክፍሉን አለቃ ነው። እኔም ሌላው ሳያገባኝ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠራሁ።

መሥሪያ ቤታችን የአውቶብስና የጭነት መኪና መጠገኛ ነበር። በረዳትነት ገብቼ ሁለት ዓመት በብርጭቆ ወረቀት ላሜራ ሳሽ ከረምኩ። ቀጥሎ ቀለም ቀቢ ሆንኩ፣ በመጨረሻም ዋና ቀለም ቀቢ። አየሩን የሚያመርተው ኮምፕሬሰር ከግቢው ጀርባ በተለየ ክፍል ውስጥ ይጮሃል። የክፍሉ ቁልፍ የነበረው ጋሽ ቶሎሳ በሚባሉ ሠራተኛ እጅ ነው። ጠዋት «ደህና አደሩ» እንባባላለን፤ ከዚያ በላይ ወሬ አልነበረንም።

ጡረታ ስወጣ ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ዓለም ባንክ ሰፈር ባለው ግቢዬ ጥግ ላይ ቆርቆሮ አለበስኩ፣ ወለሉን ሲሚንቶ አስደረግሁ፣ ከአቧራ የሚከልል ሸራ ሰቀልኩ። መርጫዬ አለ፣ እጄ አለ። የጎደለኝ ኮምፕሬሰር ብቻ ነበር። ቀላል መስሎኝ ነበር።

ገና ኮምፕሬሰሩን ሳልገዛ የመጀመሪያዋ ደንበኛ መጣች። ወይዘሮ ዘነበች ትባላለች። በራሷ ሚኒባስ የተማሪ ሰርቪስ ትሠራለች፤ የምትነዳውም ራሷ ናት። የመኪናው ጣሪያ ዝጓል፣ ጎኑም ተፋፍቋል።

«ጋሼ ተሾመ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሦስት ሳምንት ነው የቀረው» አለችኝ። «ወላጅ መጀመሪያ የሚያየው መኪናውን ነው። ዝገት ያየች እናት ልጇን አትሰጠኝም።»

«አታስቢ፣ ይደርስልሻል» አልኳት።

በማግስቱ ኮምፕሬሰር ልገዛ ወጣሁ። የመጀመሪያው ሱቅ ሻጭ ፈጣን ወጣት ነው። «ለቤት ነው አባባ? ሃምሳ ሊትር ይበቃዎታል። ሁለት የፈረስ ጉልበት፣ ስምንት ባር!» አለኝ። በመሥሪያ ቤታችን ግድግዳ ላይ የነበረው የግፊት መለኪያ ስድስት ባር እንደሚያሳይ አስታወስኩ። ስምንት ከስድስት ይበልጣል። ስለዚህ ይሄ ከመሥሪያ ቤቱ የተሻለ ነው ብዬ ገዛሁት። በወቅቱ የገባኝ እንደዚያ ነበር።

የሚኒባሱን ጣሪያ ሞርጄ፣ ፀረ ዝገቱን ቀብቼ፣ ዋናውን ቀለም ጀመርኩ። የመጀመሪያው ክንድ የሚያህል ቦታ እንደ ድሮው ተቀባ። ከዚያ መርጫው ማስነጠስ ጀመረ። መለኪያውን ባየው ወደ አንድ ባር ወርዷል። እስኪሞላ ቆምኩ፤ ቀጠልኩ፤ እንደገና ወረደ። በመሃሉ የቀባሁት እየደረቀ ነው። ሞተሩ አንድ ጊዜም ሳያርፍ ሠርቶ እጅ የማያስነካ ሆነ። ስጨርስ ጣሪያው እንደ ተነጨ የዶሮ ቆዳ ሻክሯል።

ወይዘሮ ዘነበች ወንበር ላይ ወጥታ አየችው።

«ይሄ ገና አልደረቀም አይደል?»

«ደርቋል» አልኳት። ዋና ቀለም ቀቢ ሆኜ ለደንበኛ እንዲህ ያለ ነገር ሳሳይ የመጀመሪያዬ ነው። «እንደገና እሠራዋለሁ» አልኩ። እንዴት እንደምሠራው ግን አላወቅሁም። መሣሪያው ስምንት ባር ነው። ስምንት ባር እያለ አየር እንዴት ያልቃል?

ደብተር ይዤ ወጣሁ። ሁለተኛው ሻጭ «ዋናው ሊትሩ ነው፤ ታንኩ ከሦስት መቶ ካላነሰ ቀለም አይሠራም» አለኝ። ሦስተኛው ሳቀበት። «ታንክማ ባዶ በርሜል ነው፤ ዋናው የፈረስ ጉልበቱ ነው። አምስት ተኩል ይውሰዱ።» ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ስመለስ የሰፈራችንን የመብራት ባለሙያ ጠየቅሁት። «አምስት ተኩል ባለ ሦስት ፌዝ፣ የፋብሪካ መስመር ነው የሚፈልገው። እርስዎ ያለዎት ነጠላ መስመር ነው» ብሎኝ ሄደ። አራተኛው ሱቅ ደግሞ ድምፅ የሌለው፣ ዘይት የማይፈልግ አዲስ ዓይነት አሳየኝና ስለ ሌላው ሁሉ አትጠይቀኝ አለ።

ማታ ደብተሩን ባለቤቴ አስካለ አገላበጠችው። ባር፣ ሊትር፣ የፈረስ ጉልበት፣ ፌዝ፣ ዘይት።

«እና ከነዚህ የሚበልጠው የቱ ነው?»

«አላውቅም።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራህበት አይደለም እንዴ?»

እኔ የሠራሁት በቀለም ነው። አየሩን ሌላ ሰው ነበር የሚሠራው።

በዚህ መሃል ቤቴል አካባቢ ያለ የማውቀው ጎሚስታ ሥራውን ሊዘጋ መሆኑን ሰማሁ። የጎማ መሙያ ኮምፕሬሰሩ ሦስት መቶ ሊትር ነው፣ ሞተሩም በነጠላ መስመር የሚሠራ ነው። «ወስደህ ሞክረው፤ ካልተስማማህ ትመልሰዋለህ» አለኝ። በፒካፕ አስጫንኩት። ቀይ ቀለሙ እንደ አዲስ ያበራል። ሳየው ልቤ ረጋ። ግቢ ውስጥ ከውሃ ቧንቧው አጠገብ፣ አስካለ ልብስ ከምታጥብበት ጎን አቆምነው።

ሰክቼ አስነሳሁት። ሁለት ባር ሲደርስ ከሆዱ በኩል ቀጭን ፉጨት ሰማሁ። አጠፋሁት። መልሼ አስነሳሁት። ፉጨቱ ቀጠለ። ቫልቭ ይሆን? ጎማው ይሆን? ወይስ ሁሉም ትልልቅ ኮምፕሬሰር እንደዚህ ነው የሚያፏጨው?

«እርግጠኛ ነህ ተሾመ?» አለች አስካለ፣ እጇ አረፋ እንደያዘ።

«አይደለሁም።»

«እሺ፣ በመሥሪያ ቤታችሁ ይሄን የሚያውቅ ሰው አልነበረም?»

ነበር እንጂ። ግን ጋሽ ቶሎሳ ጋ መሄድ ከበደኝ። ምክንያቱን ለአስካለም ነግሬያት አላውቅም።

አንድ ዓመት የሥራ አስኪያጁን ጥቁር መኪና ቀብቼ ነበር። ሲደርቅ ላዩ በሙሉ ጥቃቅን ጉድጓድ ሆነ። ውሃ ከአየሩ ጋር ገብቷል ማለት ነው። ካቦ መንገሻ ሲጠይቁኝ «ከኮምፕሬሰር ክፍል የመጣ ውሃ ነው» ብዬ በጽሑፍ ሪፖርት አደረግሁ። ጋሽ ቶሎሳ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው፤ የዚያ ዓመት የደረጃ እድገትም ቀረባቸው። ከሳምንት በኋላ በኔ ክፍል ግድግዳ ላይ ያለችውን፣ ከአየሩ ውሃ የምትለየውን ማጣሪያ ብርጭቆ አየኋት። እስከ አፏ ሞልታለች። በየጠዋቱ እሷን መድፋት የኔ ሥራ ነበር፤ ደፍቻት አላውቅም ማለት ይቻላል። ደፋኋትና ዝም አልኩ።

በመጨረሻ ሁለት ታክሲ ቀይሬ ጋሽ ቶሎሳ የሚኖሩበት ሳንሱሲ ወረድኩ። በራቸው ላይ ተቀምጠው የጎረቤት የውሃ ፓምፕ ፈተዋል። ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል።

«ተሾመ ቀለሙ! በምን ቀን አስታወስከኝ?» አሉኝ። አጠገባቸው በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ።

ስለ ኮምፕሬሰሩ ከመጠየቄ በፊት ያንን ነገር መናገር እንዳለብኝ ታክሲ ውስጥ ወስኜ ነበር። ተናገርኩ። ጥቁሩን መኪና፣ ሪፖርቱን፣ የሞላችውን ብርጭቆ፣ ሁሉንም።

የፓምፑን የጎማ ማሸጊያ እያገላበጡ ሰሙኝ። «የትኛው ጥቁር መኪና?» አሉ።

«የሥራ አስኪያጁ፣ ጋሽ ቶሎሳ። እድገት የቀረብዎት ዓመት።»

«እድገት ስንቴ ቀርቶብኛል። የቱ በምን እንደቀረ ማን ይይዘዋል?» አሉና ማሸጊያውን ወደ ብርሃን አነሱት። «አላስታውስም። ለዚህ ነው የመጣኸው?»

«ኮምፕሬሰርም ልጠይቅዎት ነበር።»

«እሱን ተናገር።»

እውነት ረስተውት ነው? ወይስ እኔን ከጭንቅ ሊያወጡኝ? ወይስ ይቅር ማለት ስላልፈለጉ? እስከ ዛሬ አልገባኝም። በድጋሚም አልጠየቅኋቸውም።

ስለ ፉጨቱ ስነግራቸው እጃቸውን ጠረጉ። «እንዳታስነሳው። ነገ እመጣለሁ።»

እንዳሉት መጡ። ሞተሩን ዞር ብለውም አላዩትም። በቀጥታ ከታንኩ ሆድ ሥር ያለችውን የውሃ ማፍሰሻ ፈቱ። ግማሽ ባልዲ የሚሆን ቡናማ ውሃ ወረደ፤ ተከትሎ የዝገት ቅርፊት። ከዚያ በብሎን መፍቻ ታንኩን ዙሪያውን መታ መታ አደረጉ። ላይ ላዩ ይጮሃል። ሆዱ ጋ ሲደርሱ ድምፁ ታፈነ።

«እጅህን አምጣ። እዚህ ጋ ዳስስ» አሉኝ።

ዳሰስኩ። ወዲያው አወቅሁት። ስቱኮ ነው፤ የተጎረበጠ መኪና የምንሞላበት ሊጥ። አንድ ሰው የተበላውን ብረት በስቱኮ ደፍኖ ቀይ ቀለም ቀብቶበታል።

«ይሄ ያንተ ሙያ አይደለም እንዴ?» አሉ ጋሽ ቶሎሳ። አልሳቁም።

በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ፋቅ ሲያደርጉት ስቱኮው ተገሽልጦ ወደቀ። ሥሩ ያለው ብረት እንደ ወረቀት ሳስቷል፤ የካቻቢቴው ጫፍ ያለ ጉልበት ገባበት። «ስድስት ባር ቢደርስ ይፈነዳ ነበር። ይሄን ግንብ አያቆመውም» አሉ። አስካለ የልብስ ማጠቢያ ሳፋዋን አንስታ ወደ ጓሮ ወሰደችው። እኔ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስቱኮ ስዳስስ የኖርኩ ሰው በአንድ እጅ ቀይ ቀለም ተሸወድኩ።

ጎሚስታውን አስጠራነው። እሱም ከሌላ ሰው ሲገዛው እንዲሁ ቀይ እንደነበር ማለ። ስቱኮውን በዓይኑ ሲያይ ፊቱ ገረጣ፤ ዓመታት ከጎኑ ተቀምጦ ጎማ ሞልቷል። ጋሽ ቶሎሳ ሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ ታንኩን በድሪል ሊበሱት ፈቃድ ጠየቁት። «ብሱት፣ ብሱት» አለ።

ከዚያ ጋሽ ቶሎሳ ወደኔ ዞሩ። «መርጫህ በደቂቃ ስንት ሊትር አየር ይበላል?»

«አላውቅም።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ይዘኸው?»

የመርጫውን ካርቶን ፈልጌ አመጣሁ። በትንሽ ጽሑፍ መቶ ሰማንያ ሊትር በደቂቃ፣ ሁለት ተኩል ባር ይላል። ያን ጽሑፍ አንብቤው አላውቅም ነበር።

«አየህ፣ ሁለት ተኩል ባር ነው የሚፈልገው። ስምንትም ይሁን አሥር ትርፉን ምን ታደርግበታለህ? ባር ግፊት ነው። ያለቀብህ መጠኑ ነው።»

አብረን ሱቅ ሄድን። መቶ ሃምሳ ሊትር፣ ሦስት የፈረስ ጉልበት፣ በነጠላ መስመር የሚሠራ፣ ሞተሩ ፒስተኑን ቺንጋ በሚባለው የጎማ ቀበቶ የሚያዞር አንድ መረጡ። ሻጩ በደቂቃ ይህን ያህል ይሰጣል የሚል ጽሑፍ ካርቶኑ ላይ አሳየን።

«ይሄ የሚስበው አየር ነው። የሚያስወጣው ያንሳል። ባዶውን ታንክ ሙላልኝ» አሉት።

«አባባ፣ እዚህ እኮ ተጽፏል!»

«አይቻለሁ። ሙላልኝ።»

የእጅ ሰዓታቸውን አወለቁ። መቶ ሃምሳ ሊትር ታንክ ስድስት ባር ለመድረስ ዘጠኝ መቶ ሊትር አየር ይገባዋል። አራት ደቂቃ ሳይሞላ ደረሰ። ስለዚህ በደቂቃ ከሁለት መቶ ሃያ አምስት በላይ ይሰጣል፤ ለኔ መቶ ሰማንያ ይበቃል፣ ሞተሩም ያርፋል። ስሌቱን ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው። በሦስተኛው ግማሹ ገባኝ።

የመብራት ባለሙያው ከቆጣሪው ወፍራም ሽቦ ዘረጋልኝ፤ ለኮምፕሬሰሩም የራሱን ብሬከር ገጠመለት። የሚኒባሱን ጣሪያ እስከ ላሜራው ፍቄ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። መርጫው ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ አላስነጠሰም። ወይዘሮ ዘነበች ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው መጣች። ወንበር ላይ ወጥታ ጣሪያውን በመዳፏ ዳሰሰች።

«ያኛውን ጊዜ ምን ሆነው ነበር?» አለችኝ።

«አላውቅም ነበር» አልኳት። ቁልፏን ተቀብላ ነዳች።

ለግቢያችሁ ኮምፕሬሰር የምትገዙ ወዳጆቼ፣ መጀመሪያ መሣሪያችሁ በደቂቃ የሚበላውን አየር አንብቡ። ቀጥሎ የቤታችሁን የመብራት መስመር እወቁ። የታንኩ ትልቀት ከነዚህ በኋላ ይመጣል። ያገለገለ ታንክ ሆዱ ሳይፈተሽ አታስነሱ። ከሁሉ በፊት ግን ሻጭን ሳይሆን ሥራው የነበረውን ሰው ጠይቁ፤ ያ ሰው ይቅርታ የምትጠይቁት ሰው ቢሆንም።