የማቀባበል አመል

ድምፁን ቀንሱትና ልንገራችሁ። ፊልሙ አያመልጣችሁም፤ ሰውየው እንደሆነ አይሞትም። ከገባሁ ጀምሮ ስቆጥርለት በዚያች አንዲት ሽጉጥ ከአርባ ጊዜ በላይ ተኩሷል፤ አንድም ጊዜ ሲያጎርሳት አላየሁም። እኔ እንዲህ ያለ የማያልቅ ዕቃ ባገኝ ኖሮ ይኼን ሱቅ ዘግቼ እሷን ብቻ ነበር የምቸረችረው።

ደግሞ የተመታው ሁሉ ሁለት ክንድ ወደ ኋላ ይወረወራል። በተዘጋ ክፍል ያን ሁሉ ተኩሶ ሲያበቃ ሴትዮዋ በሹክሹክታ የምትለው ይሰማዋል። ይሁን፣ ፊልም ነው። እኔን የሚረብሸኝ ሌላ ነው። በተናደደ ቁጥር መሣሪያውን «ቀጭ ቀጭ» ማድረጉ ነው። በሩ ላይ አቀባበለ፣ ደረጃው ላይ አቀባበለ፣ አሁን ደግሞ ሽማግሌውን ሊያስፈራራ አቀባበለ። በመካከሉ አልተኮሰም። ያቺን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እኔ እቆጥራለሁ፤ እናንተ ደግሞ ታጨበጭባላችሁ።

ምክንያቱን ስሙኝ። ጊዜው ከዓመታት በፊት፣ የጥቅምት መጨረሻ ነበር። ዝናቡ ወጥቷል፣ ቁሩ ገብቷል፤ ጠዋት ጠዋት ጥርባ በሚባለው አገር ጉሙ እስከ ረፋድ አይነሣም። የድንች ወቅት ነው። እኔ ያኔም እንደ ዛሬው ከገበሬው እየገዛሁ እጭን ነበር። አያ ፈንታ የረጅም ጊዜ ደንበኛዬ ናቸው፤ ማሳቸው ለከሰል ከተተከለው የዲከረንስ ደን ሥር ነው። በዚያ ዓመት አንድ ወንዴ ከርከሮ ግማሹን ማሳ ገልብጦባቸው ነበር። ድንቹን ብቻ ቢሆን ምንም አይደል። ውሃ ልትቀዳ የወረደች የአምስት ልጆች እናት አሳድዶ ጀሪካኗን አስጥሎ ዛፍ ላይ አውጥቷታል። ያን ጊዜ ቀበሌው እሱን ብቻ እንድንገድል ፈቃድ ሰጠ።

አያ ፈንታ በወጣትነታቸው ስመ ጥር አዳኝ ነበሩ። ግን ዓይናቸውን ሞራ መጋረድ ጀምሯል፤ እግራቸው ሥር ያለውን ያያሉ፣ ሩቁ ጠፍቶባቸዋል።

«ዱካውን እኔ እመራለሁ» አሉኝ። «አንተ አንድ ጎራሽ ጠመንጃህን ይዘህ ና። የእኔን ምንሽር የሚይዝ ሰው ፈልግልኝ።»

የፈለግሁላቸው ሰው ደረጀ ነው። ደረጀ ዳንግላ ውስጥ ለዓመታት ቪዲዮ ቤት የነበረው ነው፤ ስልክ መጥቶ ቤቱን እስኪዘጋበት ድረስ በቀን አራት የጦር ፊልም ያሳይ ነበር፣ አራቱንም ራሱ ያይ ነበር። ተኩስ ያውቃል ወይ ብትሉኝ፣ ሠርግ ላይ ሁለቴ ወደ ሰማይ ተኩሷል። ሰማዩን አልሳተውም። ለምን ወሰድከው ካላችሁ፣ ስለሚያስቀኝ ነው። እኔ የሚያስቀኝን ሰው ከሚጠቅመኝ ሰው አስቀድማለሁ፤ በንግዱም ብዙ የጎዳኝ ይኼ ነው።

ገና ሲነጋ ግቢያቸው ደረስን። አያ ፈንታ ምንሽሯን በሁለት እጃቸው አቀበሉት። «ካዝናዋ አምስት ጎርሷል፣ ጉሮሮዋ ባዶ ነው። ከዚህ ሌላ ጥይት የለኝም» አሉት።

ለማታውቁት ይኼን ልንገራችሁ፣ ኋላ ይጠቅማችኋል። ምንሽር እጀታዋን ስትስባት በጉሮሮዋ ያለውን ታወጣለች፣ ስትመልሳት ከካዝናው ሌላ ታጎርሳለች። ተኩሰህ ከሆነ የሚወጣው ባዶ ቀለህ ነው። ሳትተኩስ ከሳብካት የሚወጣው ያልተነካው ጥይት ነው። ስሙ ራሱ ማቀባበል ነው፤ አንዱ ሲሰጥ አንዱ ይቀበላል። የፊልሙ ሰው ሲያቀባብል ማን እንደሚቀበለው ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

በእኛ አገር ጠመንጃ የያዘ ሰው ትንሽ መፎከሩ ወጉ ነው። ድሮ የሚፎክሩት ግን መሣሪያቸውን ያውቁታል። ደረጀ ፉከራውን ከፊልሙ ጋር ቀላቀለው። ግቢው መሀል ቆመና «ዛሬ ከርከሮው የእናቱን ስም ይጠራል» አለ፤ ቀጭ ቀጭ። ዞር ብሎ የአያ ፈንታን ባለቤት አየና፣ «እሜቴ፣ ምሳ አያዘጋጁለት፣ አይመለስም» አለ፤ አሁንም ቀጭ ቀጭ።

በሁለተኛው አንድ የሚያብለጨልጭ ነገር ዘልሎ አጥሩ ሥር ሣር ውስጥ ገባ።

አየሁት። ላነሣው አንድ እርምጃ ጀምሬ ነበር። ነገር ግን ደረጀ በዚያው ቅጽበት ቅንድቡን እንደ ፊልም ሰው ሰቅሎ ሲያየን ሁላችንም ሳቅን፣ እሜቴም ሳቁ። አያ ፈንታ «እንሂድ፣ ጉሙ ሳይነሣ» አሉ። ረሳሁት ብዬ ብነግራችሁ ውሸት ነው። በእሜቴ ፊት ባርመው ያፍራል ብዬ ተውኩት።

ማሳው ዳር ዱካውን አገኘነው። ጭቃው ላይ የሁለት ጣት ሰኮና፣ ከኋላው ትንንሾቹ ጥፍሮች ተተክለውበታል፤ ይኼ የክብደቱ ምልክት ነው። ጠርዙ አልፈረሰም፤ ውሃ ገና እየሞላው ነበር። አያ ፈንታ በትራቸውን ይዘው ከፊት፣ እኔ መሀል፣ ደረጀ ከኋላ ሆነን ውሃ የሚቀዳባትን ወንዝ ተሻገርን። ደረጀ መሻገሪያው ድንጋይ ላይ ሲደርስ ከጀርባዬ ቀጭ ቀጭ።

አያ ፈንታ ዞሩ። «ምንድን ነው?»

«መዘጋጀቴ ነው አያ።»

ዘወር ብዬ ሳየው ጣቱ ቃታው ላይ ነው፣ አፈሙዙ ወገቤ ላይ ነው። «ጣትህን አውጣ» አልኩት። «ጣትማ ዝግጁ መሆን አለበት» አለኝ። ክርክሩን ትቼ ቦታ ቀየርኩ፤ እሱን መሀል አድርጌ እኔ ከኋላ ሆንኩ። ወገቤን አተረፍኩ ብዬ ደስ አለኝ። ከእሱ ፊት ለፊት ያለው ወገብ የማን እንደሆነ ግን አላሰብኩም።

ዲከረንሱ ጫፍ ስንደርስ እንደገና ቀጭ ቀጭ። ይኼን ሁሉ የሰማሁት እኔ ነኝ። ጭነት ላይ ጆንያ ሳይቆጠር ካለፈ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው፣ ያቺን ድምፅ አልቆጠርኳትም።

ዲከረንስ የገባ ያውቀዋል። በመስመር የተተከለ ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ በመስመሩ ካየህ እስከ መጨረሻው ይታይሃል፣ ወደ ጎን ካየህ ከስድስት እርምጃ በላይ አይታይህም። ጉሙ በቅጠሉ ላይ ጤዛ እየሆነ ይንጠባጠባል። ነፋሱ ወደ እኛ ነበር። ትንሽ እንደሄድን ሽታው መጣ። አያ ፈንታ እጃቸውን አነሡ።

አሮጌ የከሰል ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ፣ ጌታ ከርከሮ ጭቃውን ለብሶ ተኝቷል። አርባ እርምጃ ቢሆን ነው። ቀስ ብዬ ወደ ፊት አለፍኩ፣ ተንበረከክኩ፣ ትንፋሼን ይዤ ቃታውን ሳብኩ። ጥይቱ ሥጋ ሲመታ «ጧ» ሲል ሰማሁት። አልተወረወረም፣ አልወደቀም፤ ስሙን የጠሩት ይመስል ተነሥቶ ዞር ብሎ አየንና ዲከረንሱ ውስጥ ገባ።

ደረጀ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ እኔ ጆሮዬ ጩኸት ብቻ ነው። ሦስቴ ደገመልኝ።

«ሳትከው።»

«መትቼዋለሁ።»

«ቢመታማ ይወረወር ነበር።»

በዚያ መካከል እጁ የምንሽሯን እጀታ ስቦ ሲመልስ አየሁት። ድምፁ ግን አልተሰማኝም። አንድ ጎራሼን አጉርሼ ተነሣሁ።

አያ ፈንታ ቁጭ በሉ አሉን፤ የቆሰለ አውሬ ወዲያው አይከተሉትም። ደረጀ ተቁነጠነጠ፤ ፊልም ውስጥ ማንም ቁጭ አይልማ። ጉሙ መሳሳት ሲጀምር ደሙን ያዝን። ግንዱ ላይ በጉልበት ልክ ተቀብቷል፤ ጥቁር ነው፣ አረፋ የለውም። አያ ፈንታ በጣታቸው ነክተው አሸተቱት።

«ሆዱን ነው» አሉ። «ይኼ ቶሎ አይሞትም፣ ይቀየማል። ተራርቃችሁ ኑ፤ ደረጀ፣ አንተ እኔን ጠብቅ። አራት አምስት ጥይት ያለው አንተ ዘንድ ነው።»

«ምንም አያስቡ አያ» አለ።

በመስመሩ ገባን። እሳቸው አጎንብሰው፣ እሱ ሦስት እርምጃ ከኋላቸው፣ እኔ ከእሱ ሦስት እርምጃ። ወፍ እንኳን አይሰማም። ጠብታ፣ ጠብታ፣ ከዚያ ደሙ ቆመ። አያ ፈንታ በርከክ ብለው ቅጠሉን ገለጡና ሳይዞሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አወናጨፉ።

«ተመልሷል» አሉ በቀስታ። «በራሱ ዱካ ዞሮ ከጎናችን ነው ያለው።»

ቃሉ ሳያልቅ ግራ በኩል ከነበረው የቅርንጫፍ ክምር ወጣ። ድምፅ አላሰማም። ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው። ደረጀ ምንሽሯን ከወገቡ ላይ እንዳለች ተኮሰ፤ ከአጠገቤ ያለው ግንድ ልጡ ተገሸለጠ። ከርከሮው ዝንብ እንዳረፈበት እንኳን አልቆጠረውም። አያ ፈንታን ከጎናቸው ገጥሞ በጀርባቸው ጣላቸው።

እኔ አነጣጥሬያለሁ፤ አፈሙዜ ላይ ያለው ግን የደረጀ ጀርባ ነው። ደረጀ አቀባበለ፣ ቃታ ሳበ። ቀጭ። አቀባበለ፣ ሳበ። ቀጭ። ኔትወርክ የጠፋበትን ስልክ እንደሚያይ ሰው ጠመንጃዋን ገልብጦ አያት። አያ ፈንታ በትራቸውን በአግድም አውሬው አፍ ውስጥ ሰክተው በሁለት እጅ ይዘዋል። አልጮሁም። በትሩ ሲሰነጠቅ ይሰማኛል። ጥርሱ አንዴ ወደ ታች ሲመለስ ጭናቸውን እንደ ጆንያ ቀደደው።

ደረጀን በማጅራቱ ይዤ ወደ ጎን ጣልኩት። ሁለት ተራመድኩ። ከሩቅ አልተኮስኩም፤ አንድ ናት፣ ብስታት ሁለተኛ የለችም፣ ከሥሩ ያለው ደግሞ ሰው ነው። አፈሙዙን ጆሮው ሥር አስጠግቼ፣ የአያ ፈንታ ራስ በየት በኩል እንደሆነ አይቼ ቃታውን ሳብኩ።

እግራቸው ላይ ወደቀ። ሁለታችን ጎትተን አነሣነው።

ደሙ እንደ ቦይ ነበር። በደረጀ ቀበቶ ጭናቸውን ከቁስሉ በላይ አሰርነው፣ በጋቢዬ ጠቀለልነው። ስልክ አይሠራም። ደረጀ ሰው ሊጠራ ሮጠ፤ እውነቱን ለመናገር በደንብ ሮጠ። በቃሬዛ እስከ መንገድ፣ ከዚያ በባጃጅ እንጅባራ ሆስፒታል። ባጃጁ ውስጥ ራሳቸው ጭኔ ላይ ነበር፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። አንዴ ዓይናቸውን ገልጠው፣ «ጥይቷ ለምን አልፈነዳችም?» አሉ። «አላውቅም አያ» አልኳቸው። ይኼ ሁለተኛው ውሸቴ ነው። የመጀመሪያው ዝምታዬ ነበር።

በማግሥቱ እንደሚተርፉ ተነገረን። ያን ቀን ከደረጀ ጋር የመጣንበትን መንገድ ተመልሰን ሄድን። አንዷን ጥይት የከሰሉ ጉድጓድ አጠገብ አገኘናት። አንዷን ዲከረንሱ ጫፍ። ሦስተኛዋ ወንዟ ውስጥ ከድንጋዩ ሥር ታበራለች። ደረጀ እያንዳንዷን አንሥቶ በሸሚዙ ጠርጎ አቀበለኝ። ግቢው ስንደርስ ተንበርክኮ መሀሉን መፈለግ ጀመረ። ላሳርፈው ብዬ ቀጥ ብዬ ወደ አጥሩ ሄድኩና ጎንበስ ብዬ አራተኛዋን አነሣኋት።

ደረጀ ከመሬት ቀና ብሎ አየኝ። «እዚያ እንዳለች እንዴት አወቅህ?»

ጥይቷን ከሦስቱ ጋር ኪሴ ከተትኳት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን አልጠፋም፤ ሳቃችን ግን ጠፋ።

አራቱን ጥይት ይዤ አያ ፈንታ አልጋ አጠገብ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ አጥሩ ሥር ያየኋትንም። ጥይቶቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ።

«እሱ አያውቅም» አሉኝ በመጨረሻ። «በማያውቅ ሰው አልቀየምም። አንተ አይተህ ዝም ያልከው ምን ፈርተህ ነው?»

«በሰው ፊት እንዳያፍር ብዬ ነው አያ።»

«እኔን ቀብሮ ቢመለስ ኖሮስ፣ በማን ፊት ይቆም ነበር?»

ይኸው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠመንጃ ከያዘ ሰው ጋር ስወጣ ዘመድም ይሁን ባለሥልጣን፣ «ክፈተውና አሳየኝ» እላለሁ። የሚስቅብኝ አለ፣ የሚቀየመኝ አለ። አንድ ትልቅ ነጋዴ በዚህ ምክንያት ንግዱንም ጉርብትናውንም አቋርጦብኛል። ያቋርጥ።

አያ ፈንታ ዛሬ ያን እግራቸውን እየጎተቱ ይሄዳሉ፤ ዓይናቸው ደግሞ ጨርሶ ተጋርዷል። ባለፈው ወር ድንች ልገዛ ስሄድ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው በእግር ኮቴዬ አወቁኝ።

«አንድ ጎራሽህን ይዘሃል?»

«ይዣለሁ አያ።»

«ክፈትና አምጣት።»

ከፍቼ ሰጠኋቸው። ትንሿን ጣታቸውን በጉሮሮዋ አስገብተው ዙሪያውን ዳሰሱ፤ አወጡና ደግመው አስገቡ።

«ባዶ ናት» አሉ። «አሁን ግባ።»