የእትዬ ብርቄ ጣውንት

ባቡሩ ቃሊቲ ሊቆም ሲል ፍሬኑ አንድ የሚያወጣው ድምፅ አለ። ሲጥ የሚል፣ ጥርስ የሚያጠርስ ቀጭን ጩኸት። ሰዉ ሁሉ ፊቱን ያጨማድዳል። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ወጥቼ ሳሪስ ጉዳይ ነበረኝና ስመለስ፣ እግሬ አብጦ፣ አንድ እጄ ብረቱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ የማላውቀው ሰው ክርን ጎኔን እየወጋኝ፣ ያንን ድምፅ ሰማሁና ጋሼ ታፈሰ ትዝ አሉኝ። እሳቸው ቢሆኑ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡት ነበር። ትራም የሚሉት የፈረንጅ የከተማ ባቡር ኩርባ ላይ ሲዞር እንዲህ ነው የሚለው እያሉ ስንት ጊዜ በአፋቸው አስመስለው አሰምተውናል። እኛ የግቢው ልጆች ትራም ምን እንደሚመስል ሳናውቅ ድምፁን እናውቀው ነበር።

ያደግኩት አቃቂ በሰቃ፣ ከድሮው የባቡር ጣቢያ ትንሽ ወረድ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ነው። የእኛና የእነ ጋሼ ታፈሰ ቤት ግድግዳው አንድ ስለነበር እሳቸው ሲያስነጥሱ እኛ ቤት ሆነን «ይማርዎት» እንል ነበር። ጋሼ ታፈሰ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መሐንዲስ ነበሩ፤ የሽመና መኪናዎቹ ሲታመሙ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። በደርግ ጊዜ መንግሥት ምሥራቅ ጀርመን ልኳቸው፣ ድሬዝደን በምትባል ከተማ ተምረው ነው የመጡት። ከዚያ ያመጡት አንድ ቡናማ የቆዳ ሻንጣና ለአቃቂ ፀሐይ ጨርሶ የማይሆን ወፍራም ካፖርት ነበር። ካፖርቱ ዓመቱን ሙሉ ሣጥን ውስጥ ከርሞ ሐምሌ ላይ ይወጣል። የብል መድኃኒት ሽታው ከሰውየው ቀድሞ ግቢውን ይሞላዋል።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች ግማሾቹ የምድር ባቡር ጡረተኞች ነበሩ። ለእነሱ በዓለም ላይ ያለችው ድሬ አንዲት ብቻ ናት። «ወበቁን ግን እንዴት ቻልከው?» ይሏቸዋል። ጋሼ ታፈሰ ለጥቂት ዓመታት ሲያስረዱ ቆዩና በመጨረሻ ሰለቻቸው መሰለኝ፣ «ለመድኩት» ማለት ጀመሩ።

እሑድ ከሰዓት ሰው ለቅሶ ይደርሳል፣ ዕድር ይሰበሰባል፣ ካልሆነም ይተኛል። ጋሼ ታፈሰ ግን ጫማቸውን ጠርገው፣ ኮፍያቸውን አድርገው በእግር ይወጣሉ። «ወዴት ነው ጋሼ?» ሲባሉ «ዝም ብዬ ነው» ይላሉ። በሰፈራችን ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው ወይ ጤና የለውም፣ ወይ ቤቱ ሰላም የለም ተብሎ ይጠረጠራል። ይህን ልማድ ያመጡት ከዚያች ከተማ ነው። እዚያ እሑድ እሑድ ሽማግሌው ከአሮጊቷ ጋር፣ ባል ከሚስቱ ጋር፣ ያለ ምንም ጉዳይ ወንዝ ለወንዝ ይሄዳል አሉ። ሚስታቸው እንቢ ስላሏቸው እኛን የግቢውን ልጆች አስከትለው ይሄዱ ነበር።

የአቃቂ ወንዝ ድልድይ ላይ ስንደርስ ብረቱን ይዘው ይቆማሉ። ወንዙ የአዲስ አበባን ጉድ ሁሉ ተሸክሞ ጠቁሮ ይወርዳል። እኛ አፍንጫችንን ይዘን፣ እሳቸው በዚያች ከተማ መሀል ስለሚያልፈው ስለ ኤልቤ ወንዝ ያወሩልናል። ስለ ዳቦ ቤቱ፤ ከድልድዩ በኋላ በስተቀኝ ነው፣ ጎህ ሲቀድ ሽታው ሰውን ከመኝታው ያስነሳዋል። ታች ቤት ስለምትኖረው አሮጊት፤ በየጠዋቱ በመስኮት እጇን ታውለበልብላቸው ነበር። በረዶ የጣለ ቀን ከተማው ሁሉ ድምፁን ቀንሶ እንደሚውል። ትራሙ በተባለው ደቂቃ እንደሚመጣ፤ ይህንን እኛም አላመንናቸውም።

እኛ ልጆቹ የምንወደው የድንጋይ ክምሩን ነበር። ከተማዋ መሀል አንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ በእመቤታችን ስም የተሠራ። በዓለም ጦርነት ጊዜ ከሰማይ በወረደ እሳት ከተማዋ ስትነድ እሱም ነዶ ተደረመሰ። ጋሼ ታፈሰ እዚያ በነበሩበት ዘመን ማንም አላነሳውም፣ ማንም መልሶ አልሠራውም። ጥቁር ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንደተቆለለ፣ በመሀሉ ሣር በቅሎበት፣ ጽጌረዳ በቅሎበት ተቀምጧል። ዕረፍት ሲያገኙ ዳቧቸውን ይዘው እዚያ ይሄዱ ነበር። ያን ሁሉ ያማረ ሕንፃ ትተው ፍርስራሽ ጋ ምን እንደሚሠሩ ከመካከላችን አንዱ ጠየቃቸው። «ጸጥ ይላል» አሉና ወደ ሌላ ወሬ ገቡ።

ሚስታቸው እትዬ ብርቄ ይባላሉ። ሞጆን አልፈው የማያውቁ፣ ምላሳቸው ስለታም፣ የማርያም ማኅበራቸውን ቢያማቸው እንኳ የማያስታጉሉ ሴት ናቸው። ድሬዝደንን «ጣውንቴ» ነበር የሚሏት። «ዛሬስ ጣውንቴ ምን ሠርታ ዋለች?» ይላሉ ባላቸው ድልድይ ደርሰው ሲመለሱ። «ወጥ ታውቃለች? ካልሲህን ታጥባለች? እኔ እዚህ እለፋለሁ፣ አንተ የእሷን ትራም ታወራለህ።» ግቢው ይስቃል። ጋሼ ታፈሰም ይስቃሉ። ያቺን ፍርስራሽ በተመለከተ ግን እትዬ ብርቄ አይቀልዱም ነበር። የእመቤቴን ቤት ወድቆ እያየ ዝም የሚል ምን ዓይነት ሕዝብ ነው እያሉ ያማትባሉ።

የእትዬ ብርቄ ቀልድ ሁልጊዜ ቀልድ እንዳልነበር ያወቅኩት አንድ ቀን ከእናቴ ጋር ልብስ ሲያሰጡ ነው። «አጠገቤ ተቀምጦ እዚያ ነው» ሲሉ ሰማኋቸው። «ሴት ብትሆን ፀጉሯን እነጫት ነበር። ከተማን ምን አደርጋታለሁ?»

ዓመታት አለፉ። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ የመጀመሪያ ሥራዬን ስይዝ ጋሼ ታፈሰ ጡረታ ወጥተው ነበር። በዚያው ዓመት፣ ድሬዝደን አብሯቸው አንድ ክፍል ይኖር የነበረ ጀርመናዊ ጓደኛቸው፣ ሁለታችሁም ኑና እኔ ጋ ሰንብቱ ብሎ ጋበዛቸው። እትዬ ብርቄ ዓይናቸውን አላሹም። «ጣውንቴ ቤት ሄጄ ምን ልሁን? አንተ ሂድና ጠግበሃት ና» አሉ። ካፖርቱን ፀሐይ ላይ አውጥተው አራገፉት፣ ቁልፉን አጠበቁት፣ ራሳቸው አለበሷቸው።

ባላቸው ከሄዱ በኋላ ግን ጣውንት የሚለው ቃል ከአፋቸው ጠፋ። ጎረቤት እንደ ቀልድ እያደረገ «ቀረ በሉት፤ ማን ከዚያ ይመለሳል?» ይላል። እትዬ ብርቄ የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ነጠላቸውን አስተካክለው ብድግ ይላሉ፤ የቆጣሪ አንባቢ ወይ ጎመን ሻጭ ሲሆን መልሰው ይቀመጣሉ።

ጋሼ ታፈሰ ግን በተባለው ቀን መጡ። ቸኮላት ለግቢው ልጆች አደሉ፣ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ጫማቸውን ፈቱ። እትዬ ብርቄ ደስታቸውን ለመደበቅ ወገባቸውን ይዘው ቆሙ።

«እህ፣ ጣውንቴ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት። አምሮባታል።»

«ያ ፍርስራሽስ?»

«የለም። ቤተ ክርስቲያኑን መልሰው ሠሩት። እንደ ጥንቱ አድርገው፣ ጫፉ ላይ የወርቅ መስቀል ተክለው።»

እትዬ ብርቄ እልል አሉ። የእመቤቴ ቤት ተሠራ እያሉ ከቤት ወጥተው ለግቢው ሁሉ ተናገሩ፤ ሴቶቹም ጀርመን የት እንዳለች ሳይጠይቁ እልልታውን ተቀበሏቸው። ጋሼ ታፈሰ በዚያ ሁሉ ደስታ መሀል ካፖርታቸውን እንደለበሱ ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ።

በማግሥቱ ቦኖ ጋ ጀሪካን ስሞላ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። «አንዲት ልጅ መንገድ ጠየቅኩ» አሉኝ። «በቋንቋቸው ነው የጠየቅኳት፣ እንደ ድሮዬ አጥርቼ። በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ።» «ማወቋን ልታሳይዎት ፈልጋ ይሆናል» አልኩ። «ይሆናል» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ድሬዝደን አንድ ቃል አልወጣቸውም። የእሑዱም መንገድ ቀረ። ከቤት ደጃፍ ወንበር አውጥተው፣ ሬዲዮናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ጀርባቸውን ለቤቱ ሰጥተው ይቀመጣሉ። ሲጠሯቸው አቤት ይላሉ፤ ሲያጎርሷቸው ይበላሉ። ሌላ የለም።

እትዬ ብርቄ ያን ጊዜ ነው የደነገጡት። «ድሮ ጣውንት ነበረችኝ» አሉኝ አንድ ቀን። «አሁን ጣውንቴም የለች፣ ባሌም የለም።» እያለቀሱ አልነበረም፤ ደክሟቸው ነበር። የደከመው ሰው ድምፅ ምን እንደሚመስል አሁን አሁን በራሴ አውቀዋለሁ።

እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡ ሴት ግን አይደሉም። አንድ ቅዳሜ ምስር አብረን እየለቀምን፣ ጋሼ ታፈሰ እንደ ልማዳቸው ደጃፉ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀምጠው፣ እትዬ ብርቄ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ያ ዳቦ ቤት እኮ ከድልድዩ በፊት ነው» አሉኝ። ከድልድዩ በኋላ እንደሆነ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ላርማቸው አፌን ስከፍት በዓይናቸው ገሠጹኝ። «ትራሙም ቢሆን እንደኛ አውቶቡስ ደስ ባለው ሰዓት ነው የሚመጣ» ብለው ቀጠሉ። ከደጃፉ የሚሰማው ሬዲዮው ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜም አሮጊቷን ፎቅ ላይ አወጧት፣ ወንዙን ስሙን ለወጡት። ጋሼ ታፈሰ ሬዲዮውን ዝቅ አደረጉ እንጂ አላረሟቸውም። እኔ ተስፋ ቆረጥኩ። እሳቸው ምስራቸውን ይለቅማሉ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ወሬውን ወደ ፍርስራሹ ወሰዱት። «ምን ቁም ነገር አለው» አሉ ለእኔ። «መንገዱ ላይ ስለሆነ ቆም ብሎ ዳቦውን ገምጦ ነው የሚያልፈው።»

«ተቀምጬ» አሉ ጋሼ ታፈሰ።

ፊታቸውን አላዞሩም። እትዬ ብርቄም ዓይናቸውን ከሰፌዱ አላነሱም። «ቆሜ ነው ያልከኝ» አሉ።

«ተቀምጬ ነው። እዚያ ቆሜ በልቼ አላውቅም።» ሬዲዮውን ዘጉት። «የእናቴን መርዶ የሰማሁ ቀን ሄጄ የተቀመጥኩት እዚያ ነው። ከተቀበረች በኋላ፣ ሰው ሁሉ ረስቶት ነው የተነገረኝ። ድንኳን የለ፣ የሚያለቅስ ዘመድ የለ። እነሱ ደግሞ ድምፅ አውጥተው አያለቅሱም። ድንጋዩ ሥር ሻማ የሚያበሩ አሮጊቶች ነበሩ፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም፣ እኔም አንድ አበራሁ። ከዚያ ወዲያ ልክ እንደ መቃብሯ እመላለስ ነበር። አሁን ስሄድ የሚያምር ሕንፃ ነው። ሰዉ ፎቶ ይነሳል። የት እንደምቀመጥ ጠፋኝ ብርቄ።»

እትዬ ብርቄ ሰፌዱን መሬት አስቀመጡ። «ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት አትነግረኝም?»

«ዳቦውን ነግሬሽ ነበር» አሉ ጋሼ ታፈሰ።

እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና ባላቸው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ማልቀስ ጀመሩ። በቀስታ አይደለም። ደረታቸውን እየመቱ፣ በዓይናቸው አይተዋቸው የማያውቁትን አማታቸውን በስማቸው እየጠሩ። ጋሼ ታፈሰ ኮፍያቸውን አወለቁና እሳቸውም ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ጎረቤቱ ደንግጦ እየሮጠ መጣ። «ማን ሞተ?» ሲባሉ እትዬ ብርቄ «አማቴ» አሉ። መቼ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተቀመጠ፣ ከየቤቱ አግዳሚ ወጣ፣ አንዷ ንፍሮ ጣደች። የምድር ባቡር ሽማግሌዎቹም በከዘራቸው እየተደገፉ መጥተው «እግዜር ያጽናህ» አሏቸው። ጀንበር እስክትጠልቅ ከተለቀሰ በኋላ ሰው ወደየቤቱ ሄደ። እኔ ያን ምሽት ግድግዳችን ላይ ጆሮዬን ሳላስጠጋ የጋሼ ታፈሰን ወሬ ሰማሁ። ስለ በረዶ ነበር።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ሁለቱ አብረው መውጣት ጀመሩ። እትዬ ብርቄ ድልድዩ ድረስ እየሄዱ ሆን ብለው ይሳሳታሉ፣ ባላቸው ያርማሉ። «ተይ ብርቄ፣ ስንት ጊዜ ልንገርሽ፣ ግራ አይደለም ቀኝ ነው» የሚለው ድምፅ ከመንገድ ይሰማል። ጣውንት የሚል ቀልድ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። ጋሼ ታፈሰ የቃሊቲው ሐዲድ ሲዘረጋ በዓይናቸው አይተዋል፣ ባቡሩን ግን አልደረሱበትም። ትንሽ ታመው፣ ማንንም ሳያስቸግሩ ሞቱ።

በዚህ እሑድ እትዬ ብርቄን ልጠይቃቸው ሄድኩ። የሳምንቱ ድካም አልለቀቀኝም ነበር፤ አልጋቸው ጫፍ ላይ ጋደም አልኩ። ዓይናቸው ፈዟል፣ ጉልበታቸው አይታዘዝም። እንደ ድሮው ስለ ድሬዝደን ያወሩልኝ ጀመር። ከጣቢያው ተነስተው፣ አደባባዩን አቋርጠው፣ መንገዶቹን አንድ በአንድ እየጠሩ፣ ኖረውባት እንደወጡ ሰው ወንዙ ዳር አደረሱኝ። አንዲት ነገር አልዘለሉም፣ አንዲት ነገር አላዛቡም።

«ድሮ እኮ ይሳሳቱ ነበር» አልኳቸው።

«አሁን ለማን ብዬ ልሳሳት?» አሉ።