በፊልም የሞቱት እትዬ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት መናገርም አፍራለሁ። የእትዬን ነገር ግን ባስታወስኩት ቁጥር ብቻዬን ስለምስቅ ልጻፈው አልኩ።

ከጋሞ ደጋ ከኦቾሎ ወርጄ አርባ ምንጭ እሳቸው ቤት ሥራ ስገባ፣ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እትዬ ድሮ አዲስ አበባ የፊልም ተዋናይ ነበሩ። ባለቤታቸው ጡረታ ሲወጡ እዚህ መጥተው ተቀመጡ። ገበያ የሚወጡት ጥቁር መነጽር አድርገው፣ በነጠላ ተሸፋፍነው ነው።

«ሰው ካወቀኝ መንገዱ ይዘጋብናል» ይሉኛል።

መንገዱ ተዘግቶ አያውቅም። ሰዉ የሚጋፋው ቪዲዮ ቤት በር ላይ ነው፣ የህንድ ፊልም ለማየት። እትዬ በዚያ በኩል ባለፍን ቀን ምሳ አይበሉም። አንድ ሰው እንኳን ቢያውቃቸው ምን ያህል ደስ እንደሚላቸው የገባኝ ቆይቶ ነው።

አንድ ቅዳሜ መነጽሩን ትተው ወጡ። ከጫሞ ዓሣ የሚያመጣ አንድ ሽማግሌ ጋ ስንደርስ ሰውየው ቢላውን አስቀምጦ አፈጠጠባቸው።

«አንተ ሞተህ አልነበረም እንዴ?»

እትዬ ክው አሉ። «ማን ነው የሞተው?»

«አንተ ነዋ። ድሮ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነጭ አንሶላ ሰቅለው ፊልም አሳዩን። ሆስፒታል ተኝተህ ሞትክ። ሚስቴ ሦስት ቀን አለቀሰ።»

እኛ ጋሞዎች አማርኛ ስንናገር ሴቱን ወንድ እናደርጋለን። እኔን ሁልጊዜ ያርሙኛል፤ አሁን እሱን ሊቆጡት ነው ብዬ መሬት መሬት አየሁ።

«ሦስት ቀን ሙሉ?» አሉት እትዬ ቀስ ብለው።

«ሦስት። እኔም ትንሽ አልቅሻለሁ።» እንደገና አያቸው። «አሁን ግን አርጅተሃል።»

«አዎ፣ አርጅቻለሁ» አሉ። ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ሽማግሌው አንድ ትልቅ ዓሣ መረቀልን። ትንሽ እንደሄድን እትዬ ሳቃቸው መጣ፤ ትከሻዬን ይዘው እስኪያነቡ ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው እንዲህ አሉኝ፦

«ነገ እሑድ ቤታቸው እንሄዳለን፣ ልጄ። ሦስት ቀን ያለቀሰችልኝን ሴት ሳላመሰግን ከቀረሁማ እውነትም ሞቻለሁ።»